ዘፈን ሲጎትትህ፦ ከመጠጥና ከጫት ጋር ለሚታገል ክርስቲያን ከጆሮ የሚጀምር መመሪያ

ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ የምጠጣባት አንዲት ቤት ነበረች። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ እሷም አብራ ፈረሰች። ባንኮኒው፣ አንድ እግሯ አጥሮ የምትወዛወዘው ዱካ፣ ከበሩ በላይ የተሰቀለው ስፒከር፣ ሁሉም ሄደ። ሰው ለሰፈሩ ሲያዝን እኔ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። መጠጥ ካቆምኩ አምስት ወር ሆኖኛል፤ አሁን ደግሞ ልመለስ ብል እንኳ የምመለስበት ቤት የለም። ተገላገልኩ አልኩ።

ከዚያ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሹፌሩ አንድ የድሮ ዘፈን ከፈተ። መጀመሪያ ሳክስፎኑ ብቻውን ይገባል። ዘፋኙ ገና አፉን አልከፈተም። የድራፍት አረፋ ከንፈሬ ላይ መጣ። ሐሳቡ አይደለም፣ አረፋው ራሱ፣ ቅዝቃዜው። ሜክሲኮ አልደረስኩም። ለገሃር ላይ "ወራጅ አለ!" አልኩ። የት እንደገባሁ አንተም ታውቀዋለህ።

ቤቷ ፈርሳለች፤ ዘፈኑ ግን ከነዱካዋ ተሸክሟት ይዞራል። ይህን የምጽፈው እሁድ ቤተክርስቲያን ቆሞ ሰኞ ለሚወድቅ ሰው ነው። መጠጥ ይሁን፣ ጫት ይሁን፣ ሲጋራ ይሁን፣ ሌሊት በስልክ የሚመጣው ያ ነገር ይሁን። "አንተ" እያልኩ እጽፋለሁ፤ አንቺም ብትሆኚ ነገሩ ያው ነው።

ዘፈኑ ምን ያደርጋል?

በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ምክር ሰምቻለሁ፣ ሁለቱም አልሠሩልኝም። አንዱ "ዘፈን ሁሉ የሰይጣን ነው፣ ዛሬውኑ አጥፋው" የሚል ነው። በአንድ ሌሊት አራት መቶ ምናምን ዘፈን አጥፍቼ በሳምንቱ መልሼ አውርጃለሁ፣ ያውም በተሻለ ጥራት። ሌላው ደግሞ "ዘፈን ዘፈን ነው፣ አታካብድ" ይላል። እንዲህ የሚሉኝ ብዙውን ጊዜ ሱስ ይዟቸው የማያውቅ ሰዎች ናቸው።

ሮሜ 13፥13ን ክፈት። ዘፈንና ስካርን ጎን ለጎን ነው ያስቀመጣቸው። ገላትያ 5፥21 ላይም ስካር እንዳለ ወዲያው ዘፋኝነት ይከተላል። በግሪክኛው ቃሉ ኮሞስ ነው፤ እየጠጡ፣ እየዘፈኑ፣ እየጨፈሩ የሚያመሹበትን ፈንጠዝያ ይመለከታል። እኔ መምህር አይደለሁም፣ ትርጓሜውን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። ግን ጳውሎስ ዜማና ብርጭቆ እንዴት እንደሚጣበቁ በደንብ ያውቅ ነበር። ኤፌሶን 5 ላይ በወይን ጠጅ አትስከሩ ይልና ቀጥሎ ያለው ቁጥር ላይ ወደ መዝሙርና ዝማሬ ይሻገራል። ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ዜማውንም አብሮ ቀየረው።

ሳይንሱም ከዚህ አይርቅም። በ2011 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል ካለው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፣ ሰዎች በጣም የሚወዱትን ሙዚቃ ሲሰሙ አንጎላቸው ውስጥ ዶፓሚን የሚባል የደስታ ስሜት የሚያመጣ ኬሚካል እንደሚለቀቅ አሳይቷል። መጠጡም ጫቱም የሚነካካው ያንኑ ዶፓሚን ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ግኝት ነው። ዶፓሚኑ የሚለቀቀው ያ የሚያስደስተው ቦታ ሲደርስ ብቻ ሳይሆን ገና ሲጠበቅም ጭምር ነው። ለካ ሳክስፎኑ ብቻ የበቃኝ ለዚህ ነው! አንጎልህ ያንን ዘፈን ከብርጭቆ ጋር መቶ ጊዜ ካገናኘው፣ የዘፈኑ መግቢያ ሲሰማ ብርጭቆው ታዟል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድን ዘፈን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ የት ነው የምታወርደኝ?

ደረጃ 1፦ ለአንድ ሳምንት ምንም አታጥፋ፣ ጻፍ

ትንሽ ደብተር ግዛ፣ ኪስ የምትገባዋን። ስልክ ላይ አትጻፍ፣ ስልኩ ራሱ የችግሩ አካል ነው። አንድ ዘፈን ጆሮህ ውስጥ በገባ ቁጥር አራት ነገር ጻፍ፦ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ምን ዓይነት ዘፈን እንደሆነ፣ ሰውነትህ ምን እንዳለ። ሐሳብህን ሳይሆን ሰውነትህን። ሐሳብ ይዋሻል፣ "እኔ አሁን ጠንክሬያለሁ" ይልሃል። ምራቅ አይዋሽም።

ከኔ ደብተር ሦስት መስመር ላሳይህ።

"ማክሰኞ ማታ 12 ሰዓት ተኩል፣ ብሔራዊ ቴአትር ጋ። ከድራፍት ቤት የወጣ የጉራጊኛ ጭፈራ። ምንም የለም። እግሬ ብቻ ትንሽ ደነሰ።"

"ሐሙስ ከሰዓት 8 ሰዓት፣ ቢሮ። አጠገቤ ያለችው ልጅ በስልኳ ቀስ ያለ ትዝታ ከፈተች። ጉሮሮዬ ደረቀ። ለውዝ አማረኝ።" ቅሞ ለማያውቅ ሰው ለውዝ ለውዝ ነው። ከጫት ጋር ለለመደው ቃሚ ግን ከሰዓት በኋላ ለውዝ ሲያምረው ምን እንዳማረው ያውቃል።

"ቅዳሜ ማታ 5 ሰዓት፣ አልጋ ላይ። ማንም አልከፈተም። ጭንቅላቴ ውስጥ ራሱ ጀመረ።"

በሳምንቱ መጨረሻ ያየሁት ነገር ከጠበቅኩት ተቃራኒ ነበር። እኔ የምፈራው ጭፈራውን ነበር፣ እኔን የሚጥለኝ ግን ትዝታው ነው። ትዝታ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ነው፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር። ስሙም ሥራውም አንድ ነው፤ ያለፈውን አሳምሮ ያመጣልሃል። የሚያመጣው ደግሞ መርጦ ነው። ምርቃናውን፣ የጫቱን ሞቅታ ያመጣል፤ ዱካኩን፣ ከጫቱ በኋላ የሚመጣውን ቅዠትና ድብርት አያመጣም። የመጀመሪያውን ጃምቦ ያስታውስሃል፣ ያስታወክበትን ቱቦ አያስታውስህም። ሰው ሲያዝን ደግሞ "ትንሽ ልቆዝም" ብሎ ነው የሚከፍተው፣ ማንም አይጠረጥረውም፣ ራሱም። አንተ ላይ ግን ተቃራኒው ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ሳትጽፍ አታጥፋ የምልህ።

ደረጃ 2፦ እንደ ትራፊክ መብራት ለይ

ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ቀይ ማለት ሰውነትህን የነካው ነው፤ ጉሮሮ ያደረቀ፣ ልብ ያስመታ፣ እጅህን ወደ ስልክ የላከ። ቢጫ ከሰዓቱ ወይም ከሰው ጋር የሚቀየር ነው፣ ጠዋት ምንም የማይል ማታ 3 ሰዓት ላይ ግን የሚጎትት። አረንጓዴው ግልጽ ነው።

ስትለይ በግጥሙ አትሸወድ። ስለ እናት የተዘፈነ ዘፈን ቀይ ሊሆን ይችላል፣ በርጫ ቤት፣ ጫት የሚቃምበት ቤት ውስጥ ስትሰማው ከኖርክ። በሌላ በኩል ግጥሙና ክሊፑም ቢሆን ምንም አይደለም ማለት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወጥቷል፤ ክሊፕ ላይ ግን ጠርሙሱ እንደልቡ ነው። ማስታወቂያ መሆኑን ስለማታውቅ ደግሞ አትከላከለውም። ከቀድሞ ፍቅረኛህ ጋር የሰማችሁትም ዘፈን ቀይ ውስጥ ይግባ፤ ማታ 5 ሰዓት ላይ "እንዴት ነሽ" የሚል ቴክስት ያስልክሃል።

አሁን አንዳንዱን ሰው የሚያስቆጣ ነገር ልጻፍ። መዝሙርም ቀይ ሊሆን ይችላል። ስንቶቻችን ነን ምርቃና ላይ መዝሙር ከፍተን ያለቀስን? እንባው እውነተኛ ይመስላል፣ ንስሐም ይመስላል፣ ነገ ደግሞ 8 ሰዓት ላይ እዚያው ፍራሽ ላይ ነን። ያ መዝሙር ምንም ጥፋት የለበትም፣ እኔ ግን ከጫት ጋር አጣብቄዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልሰማሁትም። ጴንጤ ጓደኛዬ ደግሞ ፈጣን ምት ያላቸው መዝሙሮች የጭፈራ ቤቶቹን ሰፈር ቺቺንያን ያስታውሱኛል ብሎ ቀስ ወዳሉት ዞሯል። በቸርቹ ሳቁበት። እኔ አልሳቅኩም።

ደረጃ 3፦ ስልኩን አጽዳ

ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ቀዩን ብቻ አጥፋ። ቢጫውን ሌላ ፎልደር ውስጥ አስገባ። ዘፈን የሚለቁ የቴሌግራም ቻናሎችን ውጣ፣ ሚዩት ማድረግ አይበቃም፣ ማታ ሄደህ ትከፍተዋለህ። ዩቲዩብ ላይ የማየት ታሪክህን ሰርዝ፣ ራሱ እየቀጠለ የሚያጫውተውንም አጥፋ። ሦስት መዝሙር ሰምተህ አራተኛው ላይ የድሮህን የሚያመጣብህ እሱ ነው። ቀይ ነገር ሲመጣብህ ሦስቷን ነጥብ ነክተህ አልፈልግም በለው፣ ሳትሰማ። ቲክቶክ ላይ በዚህ መንገድ አልተሳካልኝም፣ አስራ አምስት ሰከንድ ለኔ በቂ ናት፤ አፑን አወጣሁት።

ስልክህን ለመኝታ ከአልጋህ አርቀው። ደወል የምትሞላበት ከሆነ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ግዛ።

ደረጃ 4፦ መንገድህን ቀይር

ስልክ ያንተ ነው፣ ከተማው ግን ያንተ አይደለም። መሀል አዲስ አበባ የምትኖር ሰው ሳትፈልግ ስንት ዘፈን እንደምትሰማ አስበህ ታውቃለህ? ታክሲው፣ ልብስ ቤቱ፣ ጁስ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ። ሁሉንም ልትሸሽ አትችልም፣ ቀዩ የሚበዛበትን ሰዓትና መስመር ግን ትችላለህ።

እኔ ከሥራ ወጥቼ በለገሃር በኩል መሄድ ትቻለሁ። ስታዲየም ወርጄ እስከ እስጢፋኖስ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ከበሩ ተሳልሜ፣ ከዚያ ታክሲ እይዛለሁ። አስር አስራ አምስት ደቂቃ ይጨምርብኛል። ያቺ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ያለች ጊዜ ናት እኔን የምትበላኝ፣ ስለዚህ እዚያው ላይ አጥር ሠራሁ።

ሚኒባስ ውስጥ ቀይ ዘፈን ከመጣ፣ በትሕትና "ወንድሜ፣ ትንሽ ቀንስልኝ፣ ራሴን አሞኛል" በል። ብዙዎቹ ይቀንሳሉ። ካልቀነሱ ኤርፎን ይኑርህ፣ የዳዊት ንባብም ሆነ ዜና ጫንበት። ካልሆነ ውረድ፣ ግን የት እንደምትወርድ አስብ። የኔ ስህተት ለገሃር መውረዴ ነበር።

አንዴ ፀጉር ቤት ቁጭ ብዬ ማሽኑ በግራ በኩል እየሄደ ነው፣ በቀኝ በኩል ገና ጎፈሬ ነኝ። ያ ሳክስፎን መጣ። ከነጨርቁ ተነሳሁ። ልጁ "ጋሼ፣ ምን ሆኑ፣ ቆረጥኩዎት?" አለኝ። በር ላይ ቆሜ ግማሽ ጭንቅላቴን ይዤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። መንገደኛው ሁሉ እያየኝ ያልፋል። ስመለስ ምክንያቱን ነገርኩት፤ አልሳቀም፣ "አባቴም ይጠጣ ነበር" ብሎ ሬዲዮኑን ዘጋው። አሁን ስገባ ራሱ ይዘጋዋል።

ደረጃ 5፦ ቢይዝህስ? ግማሽ ሰዓቷን እለፋት

ሐራራ፣ ያ የሱስ አምሮት፣ እንደ ማዕበል ነው፤ ይነሳል፣ ይከብዳል፣ ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጉልበቱ ይቀንሳል። ችግሩ በአምስተኛው ደቂቃ ላይ ለዘላለም የሚቆይ መምሰሉ ነው። "ዕድሜ ልኬን እንዴት ልችለው ነው?" አትበል። ዕድሜ ልክህን ማን ጠየቀህ? ሰዓትህን አይተህ ግማሽ ሰዓት ያዝ።

መጀመሪያ ከድምፁ ራቅ። ከዚያ አፍህን ሥራ ስጠው፤ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ቆሎ፣ ማስቲካ። ከዚያ ጸልይ፣ ረጅም ጸሎት ግን አትሞክር፣ አትጨርሰውም። እኔ በመቁጠሪያ አርባ አንድ ጊዜ "ኪርያላይሶን" እላለሁ። ጣቴ ሥራ ያገኛል፣ አፌም ሌላ ምት ይይዛል። ለምን እንደሚሠራ ብዙም አልተፈላሰፍኩበትም። ፕሮቴስታንት ከሆንክ የምታውቃትን አንዲት አጭር መዝሙር ድምፅህን አውጥተህ ዘምር፤ አንድ ዘፈን በጭንቅላትህ እየዞረ ሌላ እየዘመርክ መቆየት ይከብዳል።

ካልቀለለህ ደውል። ለማን እንደምትደውል ግን ዛሬ ወስን፣ ያን ሰዓት ስልክ ማውጫ ውስጥ የምታገኘው የጠጪ ጓደኞችህን ነው። ለምትደውልለት ሰው ቀድመህ ንገረው፦ "ዘፈን ያዘኝ ካልኩህ አትምከረኝ፣ ዝም ብለህ ስለ ኳስ አውራኝ።" የንስሐ አባቴ ይህንን ሲሰሙ ስቀው "የኳሱን እንኳ ለሌላ ሰው ደውል፣ እኔ ጋ ለጸሎቱ" አሉኝ።

ከወደቅክ በማግስቱ ደብተሩን አውጣና ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ዘፈኑን ጻፍ። "እኔ የማልረባ ነኝ" ብለህ አትጻፍ፣ እሱ መረጃ አይደለም። ደግሞም ያ ጸጸት ራሱ ማታ ላይ ትዝታ ያስከፍትሃል።

ጆሮ ብቻ የማይፈታው ነገር

ይህን እንዳታልፈው። በየቀኑ ብዙ የምትጠጣ ከሆነ፣ ጠዋት እጅህ የሚንቀጠቀጥና ለማርገብ የምትጠጣ ከሆነ፣ በአንድ ቀን ዝም ብለህ አታቁም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥና መቃዠት ሊመጣ ይችላል፣ ሊገድልም ይችላል። ሐኪም ዘንድ ሂድ። አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። "አማኑኤል ታየሁ" ብለህ ሰው አትፍራ፤ በየጠጅ ቤቱ በር ወድቀህ ስትታይ ማን አፈረልህ? ፀበል ከሄድክም ሂድ፣ እኔም ሄጃለሁ፤ ለሐኪሙ ስለ ፀበሉ፣ ለካህኑ ስለ መድኃኒቱ ንገራቸው።

ደረጃ 6፦ በምን ትተካዋለህ?

መጀመሪያ በምንም። አንድ ሁለት ሳምንት ጆሮህን ፆም አሳድረው። ዝምታው ያስጨንቃል፣ በተለይ ማታ። እዚያ ዝምታ ውስጥ ነው ስትሸሸው የነበረው ነገር የሚታይህ፤ የኔ የአባቴ ሞት ነበር፣ ለካ አልቅሼ አልጨረስኩም።

ከዚያ በገና ስማ። አስር አውታር አለው፣ እያንዳንዱ ድምፅ ዝዝዝ እያለ ይቆያል፤ ያን የሚያወጣው ከአውታሩ ሥር የምትገባው እንዚራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ናት። ምቱ አያስቸኩልህም፣ ትከሻህን አይጠይቅህም። ዳዊት በገና ሲደረድር ሳኦል ያርፍ እንደነበር በ1ኛ ሳሙኤል 16 ላይ አለ። ጀማሪ ከሆንክ በበገና ደርዳሪው በአለሙ አጋ ጀምር። መጀመሪያ ላይ ይሰለቻል፣ አልዋሽህም። ለፈጣን ዘፈን የለመደ ጆሮ ሦስተኛው ቀን ላይ ነው የሚከፈትለት። ከቻልክ ደግሞ ከመስማት ወደ መዘመር ሂድ፤ ሰንበት ትምህርት ቤትም ሆነ ኳየር ግባ። ቅዳሜ ከሰዓት ልምምድ ካለህ ቅዳሜ ከሰዓት በርጫ የለህም፤ ከድምፅህ ይልቅ የሚጠቅምህ ፕሮግራሙ ነው።

ደረጃ 7፦ ፋሲካና ሰርግ

በሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን ብዙዎቻችን ጎበዝ ነን። ዘፈን የለም፣ መጠጥ የለም፣ ሬዲዮኑም በገና ነው። ከዚያ በአንድ ሌሊት ዶሮው፣ ጠላው፣ የበዓል ዘፈኑ አንድ ላይ ይመጣሉ። ሃምሳ አምስት ቀን የተለያዩትን ዜማና ብርጭቆ በአንድ ጠዋት መልሰን እናጋባቸዋለን። እኔ ሁለቴ የወደቅኩት የፋሲካ ዕለት ነው። አሁን ለፋሲካ ከስድስት ቀን በፊት አቅዳለሁ፦ ከቅዳሴ መልስ የት እንደምበላ፣ ከማን ጋር፣ ከሰዓት ማንን እንደምጠይቅ። ቴሌቪዥኑ ወደሌለበት ክፍል ከልጆቹ ጋር እገባለሁ፤ ልጆቹም ደስ ይላቸዋል።

ሰርግ ላይ ከስፒከሩ ራቅ ብለህ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጥ። እጅህ ባዶ አይሁን፣ አምቦ ውሃ ያዝ፤ ባዶ እጅ ያየ ሁሉ ሊሞላልህ ይመጣል። "አንድ ብቻ፣ ለሙሽራው!" የሚልህ አጎት አይጠፋም። "መድኃኒት ላይ ነኝ" በለው። ውሸት አይደለም። ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ ያለውን ሰዓት ለሌሎች ተውላቸው።

ደረጃ 8፦ በሦስት ወር ደብተሩን እንደገና ክፈት

ቀዩ ሁሉ ለዘላለም ቀይ አይደለም። ሦስት ወር ሳትወድቅ ከቆየህ አንዱን ቀይ ጠዋት፣ ጠግበህ በልተህ፣ ሰው አጠገብህ ባለበት ሞክረው። ሰውነትህ ዝም ካለ ወደ ቢጫ አውጣው። ካላለ መልሰው፣ አትከራከር። እኔ ካሉኝ አስራ ሰባት ቀዮች እስካሁን አስራ አንዱ ቢጫ ሆነዋል፣ አራቱን ጨርሶ ረስቻቸዋለሁ።

የሳክስፎኑ ግን እዚያው ነው። ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ ባንዱ ሲጀምረው የጫማዬን ክር ላስር ብዬ ወጣሁ። ጫማዬ ክር እንደሌለው ያየችው እህቴ ብቻ ናት፤ ተከትላኝ ወጥታ አምቦ ውሃዬን አቀበለችኝ።